እግር ነካ

«በሰርጓ ቀን በአባት ቦታ የሚቆመው አጎቷ ነው» አለች ሚስቱ። ይህን ያለችው የታጠበ አንሶላ እያጠፈች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ነው።

ሰውየው አንድ እግሩ ካልሲ ውስጥ፣ ሌላው ባዶውን እንደሆነ ክው ብሎ ቀረ።

«የማን አጎት?»

«የልጅህ አጎት ነዋ። ወንድሜ።»

«ያ ፀጉር አስተካካይ?»

«አዎ፣ ያ ፀጉር አስተካካይ።»

«ለመሆኑ እኔ ሞቻለሁ?»

«እኔ እንጃ፤ ሬሳህን አላየሁም» አለችና የአንሶላውን ጫፍ ዘረጋችለት። «በል ያዝልኝ፣ ብቻዬን አይታጠፍም።»

ያዘላት። ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነበርና አንሶላው ተጣሞ ታጠፈ። «ምን አድርጌያት?» አለ። «ምን በድያት? ልጄ እኮ ናት። ሥራ በዝቶባት ነው የማትመጣው እያልኩ እኮ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት!»

«እኔ አልነግርህም። እሷ ትንገርህ» አለች ሚስቱ፣ የተጣመመውን አንሶላ ፈትታ እንደገና እያጠፈች።

ይህ ሰው ማን መሰላችሁ? የከተማው የሞተርሳይክል መንጃ ፈቃድ ፈታኝ የነበረ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዕድሜውን የፈጀው በቆርቆሮ በታጠረ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም ትልቅ ስምንት ቁጥር ተስሏል፤ ከስምንቱ ወዲያ የፕላስቲክ ኮኖች ተደርድረዋል፤ መጨረሻው ላይ ከጎማ እምብዛም የማትሰፋ ረጅም ሳንቃ ተጋድማለች። ፈታኛችን ጥላ ሥር፣ ትራስ በተደረገበት ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ ፊሽካውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ያያል። ተፈታኙ ሳንቃዋ ላይ ተንገዳግዶ የጫማው ጫፍ መሬት ከነካ አለቀለት። ፊሽካው ይጮኻል። «እግር ነካ! ቀጣይ!» ይባላል። ማልቀስ የለ፣ መለመን የለ። በዚህ የተነሳ ትክክለኛ ስሙ ከሰው አፍ ጠፍቶ «ጋሼ እግር ነካ» ሆኖ ቀረ። እሱም ቅጽል ስሙን ወደደው።

ጉቦ አይበላም፣ አማላጅ አይሰማም፤ እዚህ ላይ ልወቅሰው አልችልም። እኔ የምወቅሰው በወሬው ነው።

አንዲት ወሬ ነበረችው። ልቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ፣ ታክሲ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጎን ተጣቦ፣ ነገር ነገርን ባያነሳው እንኳ እሱ ራሱ ጎትቶ ያነሳታል። «ልጄ ልትፈተን መጣች» ይላል። «ጓደኛዬ ‹እኔ ልፈትናት፣ አንተ ዞር በል› ቢለኝ እምቢ አልኩ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ! ስምንቷን ዞረች፤ ጎበዝ ናት። ኮኑን አለፈች። ሳንቃዋ ላይ ወጣች። ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት የፊት ጎማዋ ተንሸራተተና እግሯ ነካ፤ ከነሞተሯ ተጋደመች። ፊሽካዬን ነፋሁ። ‹እግር ነካ! ቀጣይ!›» እዚህ ላይ ሲደርስ ጣቱን ቀስሮ ትንሽ ይታገሳል። ከዚያ የወሬዋን ቅመም ይጨምራል፤ «ከወንበሬ እንኳ አልተነሳሁም!»

ሰው ይስቃል፤ «አንተማ ልዩ ነህ» ይለዋል። እሱም ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

ልጅቱ ከዚያ በኋላ በሌላ ግቢ ተፈትና መንጃ ፈቃዷን አወጣች፣ ጋራዥ ገብታ መካኒክ ሆነች፣ ከሥራዋ አጠገብ ቤት ተከራየች። እናቷን ውጭ ታገኛታለች እንጂ ቤት አትመጣም። «አባዬን ሰላም በይልኝ» ትላለች፤ ሰላምታው በእናቷ በኩል ይደርሰዋል፣ እሱም በእናቷ በኩል ይመልሳል። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። አንዲት ልጁ በዓመት በዓል እንኳ ደጁን ሳትረግጥ ስትቀር «ሥራ በዛባት» ብሎ የሚያልፍ አባት ምን ይባላል? እኔ ቃል የለኝም።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ስትል አልነበር?» አለች ሚስቱ የታጠፈውን አንሶላ ቁም ሳጥን ውስጥ እየከተተች። «ይኸው ጠፋችልህ።»

የአንድ እግሩን ካልሲ ሳያጠልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ሲነሳ አንድ ነገር ቆርጦ ነበር። «የት ነው የማገኛት?» አለ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የድንጋይ ካባው ጋ ናት። ድንጋይ ላይ በሞተር ይወጣሉ።»

«ድንጋይ ላይ? በሞተር?»

«ትራያል ይሉታል። ሩጫ የለበትም። ድንጋዩን፣ ግንዱን፣ ገደሉን እየወጡ እየወረዱ እግርን መሬት አለማስነካት ነው ነገሩ።»

ፈታኙ ዓይኑ በራ። እግር አለማስነካት! ይኼማ የእሱ ሙያ ነው! በዚህ ምድር ላይ ስለ እግር አለመንካት ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ሄዶ በልጁ ፊት ድንጋዩን ወጥቶ ያሳያታል፤ እሷም ታያለች፤ ያየ ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ አባት እያለሽ ምን ፀጉር አስተካካይ ታቆሚያለሽ!» ይላታል። ሐሳቡ ይኸው ነበር። ልጁን ምን እንደበደላት መጠየቅ ይቀል እንደነበር አንድም ጊዜ አልታየውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

ቅዳሜ ካባው ደረሰ። ድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣበት ሰፊ ጉድጓድ ነው፤ ዳር ዳሩ ግድግዳ፣ መሐሉ የተከመረ ቋጥኝ፣ እዚህም እዚያም በቀይና በሰማያዊ ሪባን የታጠረ። ጀማሪዎችን የሚያስተምረው አጭር ወፍራም ጎሚስታ ነበር፤ በሥራ ቀን ጎማ ያድሳል፣ ቅዳሜ እዚህ ይውላል።

«ጋሼ! አወቁኝ?» አለ ጎሚስታው።

«አላወቅሁህም።»

«ደጋግመው ጥለውኛል እኮ!»

ፈታኙ ደነገጠ። «አለአግባብ?»

«ኧረ በአግባቡ። እግሬ ነክቶ ነበር» አለና ጎሚስታው ሳቀ። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ይኸው እግዜር እጄ ላይ ጣለዎት። ይምጡ፣ የትራያል ክበባችንን ሞተር ላሳይዎት።»

ሞተሯ ቀጭን፣ ቀላል፣ አጥንቷ የወጣ ነገር ናት። ፈታኙ ዙሪያዋን ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ።

«መቀመጫዋን ማን ሰረቀው?»

«መቀመጫ የላትም ጋሼ።»

«ምን ማለትህ ነው? የት ልቀመጥ?»

«አይቀመጡም። ቆመው ነው የሚነዱት። ከተቀመጡ ወደቁ።»

ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ ሲፈርድ የኖረ ሰው በቆመበት ድርቅ አለ። ይህ ሳይበቃ ጎሚስታው ተንበርክኮ የጎማዋን አየር ያስተነፍስ ጀመር። ጎማ መንፋት እንጀራው የሆነ ሰው በገዛ እጁ ጎማ ሲያስተነፍስ ማየት ሌላ ጉድ ነው! ለስለስ ያለ ጎማ ድንጋዩን እንደሚቆነጥጥ አስረዳው። ፈታኙ ግን ሲያስረዳው አልሰማም፤ ዓይኑ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር።

ካባው ጥግ፣ ከበር ከፍታ በሚበልጥ ቋጥኝ አናት ላይ አንድ ሞተረኛ ቆሟል። አይሄድም፣ አይወርድም፤ ሞተሩ ላይ ቀጥ ብሎ በሁለት ጎማ ቆሟል። እግሩ ወዴትም አልወረደም። ከዚያ መሪውን ትንሽ ነቅነቅ አድርጎ በቋጥኙ ፊት ለፊት ቁልቁል ተለቀቀ። መሬት ሲደርስ ሞተረኛው ሄልሜቱን አወለቀ፤ ልጁ ናት።

አየችው። አንገቷን ትንሽ ዝቅ አደረገች፤ ሰላምታ ይሁን ሌላ እሱ አልገባውም። ሄልሜቷን መልሳ አጥልቃ ወደ ቋጥኟ ተመለሰች። ልጄ ይህን ታውቃለች፣ እኔ ግን አላውቅም ነበር፤ እስከ ሰሞኑ ማን ነገረኝ? ብሎ ራሱን ጠየቀ። ማንም አልነገረውም፤ እሱ ሲያወራ ሰው የሚናገርበት ፋታ የት አገኘ?

ትምህርቱ ተጀመረ። ለሳምንታት ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላለሰ። የፊት ጎማን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ሞተር ሳያስነሱ፣ ዝም ብሎ መቆም ነው መጀመሪያው። እግሩ መርገጫ ላይ፣ ጉልበቱ ለቀቅ፣ ዓይኑ ወደ ፊት። ቀላል መስሎት ነበር። ገና ትንፋሽ ሳይወስድ እግሩ ዘጭ ብሎ መሬት ላይ ተገኘ። ደገመው፤ እግሩ ወረደ። ሰለሰው፤ ወረደ። ግራ ያጋባው እግሩ ሳያማክረው መውረዱ ነው! ከዚያ በአንድ ጣት ፍሪሲዮን እየያዘና እየለቀቀ፣ ከሰው እርምጃ በዘገየ ፍጥነት መዞር መጣ። ጎሚስታው አቧራው ላይ በኖራ ስምንት ቁጥር ሳለለት።

ስንቱን ሰው በስምንት ቁጥር የጣለው ሰው የመጀመሪያዋን ክብ መዝጋት አቃተው። ጎኑ ላይ ተጋድሞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ጎሚስታው ከላይ ብቅ አለበትና «ቀጣይ!» አለው።

እንደዚያች ቀን ሳቅ ካባው ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ጎሚስታው ግን እጁን ሰጥቶ አነሳው።

ማታ ሚስቱ ጀርባውን በቅባት እያሸች ትስቅበታለች። «እግር እኮ ራሱ ነው የሚወርደው!» ይላታል በድንጋጤ። «ሰውየው ሲያወርደው አይደለም! ይህን ያህል ዘመን ማንም አልነገረኝም!»

«ማን ይንገርህ? ፊሽካህን እየነፋህ?»

እውነቷን ነው። ሰውየው በወጣትነቱ ለመንጃ ፈቃድ ያህል ጥቂት ነድቶ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ወዲህ ሞተር ነክቶ አያውቅም ነበር። ይህን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው።

የጀማሪዎች ውድድር ቀን ደረሰ፤ ሰርጉ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሚስቱ «ዛሬ አናግራት» አለችው በር ላይ። «መጀመሪያ ትየኝ» አላት።

ካባው በሰው ሞልቷል። የሚገርመው ነገር ተወዳዳሪ ሁሉ ሞተሩን አቁሞ መሰናክሉን በእግሩ እየዞረ ያየዋል፤ የት ድንጋይ እንዳለ፣ የት ጎማ እንደሚገባ በጣቱ ይለካል። ፈታኙ ይህን ሲያይ ተቆጣ። «ፈተናውን አስቀድሞ ማየት? ይህ ኩረጃ ነው!»

«ኧረ ጋሼ፣ ሕጉ ነው» አሉት። «ወጥመድ አይደለም እኮ፤ መንገድ ነው።»

እሱስ ለተፈታኞቹ ሳንቃዋን አስቀድሞ አሳይቶ ያውቃል? አያውቅም።

ውድድሩ እስኪጀመር ሻይ እየጠጡ ቆሙ። ከሞተረኞቹ አንዱ ቀረብ ብሎ «እርስዎ ነዎት ልጅዎን የጣሉት ፈታኝ?» አለው። ይህን ጥያቄ ሲሰማ ሰውነቱ ሞቀ። ብርጭቆውን አስቀምጦ ጀመረ። ጓደኛው ሊፈትናት ማለቱን፣ እምቢ ማለቱን፣ ስምንቷን፣ ኮኑን፣ ሳንቃዋን አወራ። «ፊሽካዬን ነፋሁ!» አለ። ጣቱን ቀሰረ፣ ታገሰ። «ከወንበሬ እንኳ አልተነሳሁም!»

ማንም አልሳቀም።

ሰዎቹ የሚያዩት እሱን ሳይሆን ከበስተኋላው ነበር። ዞር ሲል ልጁ የሪባን ጥቅል ክንዷ ላይ ደርድራ ቆማለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር። ሪባኑን በጥርሷ በጠሰች፣ ችካሉ ላይ አሰረች፣ ሄደች።

«ጋሼ» አለ ጎሚስታው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ወሬ ዛሬ ገና የሰማች ይመስልዎታል? ጋራዥ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ‹አንቺ ነሽ እንዴ አባትሽ ከወንበሩ ያልተነሳልሽ?› ይላታል። እኔ ፊት ብቻ ስንቴ ብለዋታል።»

«እኔ እኮ... እኔ ስለ ሐቀኝነቴ ነው የማወራው!»

«እኔንም ጥለውኛል፤ አልተቀየምኩም። እኔን ግን ወሬ አላደረጉኝም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የቱን ሰው ተከትሎ የቱን ይመልሳል? ከተማው ሙሉ አውርቶታል። እሱ በየሄደበት የተሸለመባት ወሬ ልጁ በየሄደችበት የምትሸማቀቅባት ወሬ ነበረች። ይህን ያወቀው አሁን፣ ሄልሜት አጥልቆ፣ ተራው ሲጠራ ነው።

የመጀመሪያው መሰናክል አንድ ግንድና ሁለት ድንጋይ ነው፤ ዳኛው ጎሚስታው። ፈታኙ ግንዱ ላይ የፊት ጎማውን አወጣ፤ የኋላው ሲከተል ተንገዳገደና ግራ እግሩ መሬት ነካች። ወዲያው ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። አንገቱን ደፍቶ ሞተሯን እየገፋ ከሪባኑ ሥር አልፎ ወጣ።

ሰው ሁሉ ዓይኑን አፈጠጠ።

«ጋሼ! ምን ሆኑ? አመመዎት?»

«እግር ነካ» አለ፣ ጎሚስታውን ላለማየት ወደ መሬት እያየ።

«ነካ፤ አንድ ነጥብ ነው። ለምን ወረዱ?»

«ነካ እኮ እያልኩህ ነው!»

«እኔም አንድ ነው እያልኩዎት ነው! ስንት ጊዜ ነግሬዎት? አንዴ ቢነካ አንድ፣ ሁለቴ ቢነካ ሁለት፣ ከዚያ በላይ ቢሆን ሦስት። አምስት የሚሆነው ወድቀው ወይም ጥለው ሲወጡ ነው። ነጥብ ያነሰበት ያሸንፋል።» መዳፉን ዘርግቶ አሳየው። «አሁን ጥለው ወጡ። አምስት ነው።»

እርግጥ ተነግሮት ነበር። ጆሮው ግን የፈታኝ ጆሮ ነው፤ «እግር ነካ» የሚለውን ከሰማ ወዲያ ያለውን ሰምቶ አያውቅም።

«ማለት...» ዞር ብሎ ግንዱን አየ። «ነክቶም ይቀጠላል?»

«ነክቶም ይቀጠላላ! ታዲያ ሰው እንዴት ይማራል?»

ፈታኙ ሞተሯን ተደግፎ ቆመ። ሳንቃዋ ላይ ያየው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣበት፤ ሊጨርሱ ጥቂት የቀራቸው፣ የጫማቸው ጫፍ ብቻ የነካ፣ ከወረዱ በኋላ ሞተሩን እየገፉ አንገታቸውን ደፍተው ከግቢው የወጡ። ይህን አወጣጥ ከማን ተማርኩት ብሎ ሲያስብ፣ ከእነሱ ነው። የግቢው ሕግ እንዲያ ነበር፤ ሕጉን እሱ አላወጣውም። «ቀጣይ» ሲል ግን ድምፁ ውስጥ የነበረው ደስታ የራሱ ነው። ይህን ሲያውቅ በራሱ ደነገጠ።

ሁለተኛው መሰናክል ላይ እግሩ ነካ፤ ቀጠለ። ከኋላው ፊሽካ አልጮኸም። ደግሞ ነካ፣ ደግሞ ቀጠለ። ወጥቶ ሲያበቃ የዳኛው ሁለት ጣት ታየው። ቀጥሎ ያለው ለጥ ያለ ጠጠር ነበርና ሳይነካ ጨረሰው፤ ዳኛዋ ወጣት ሴት ፊቷን ኮስተር አድርጋ ጡጫዋን ወደ ላይ አነሳችበት። ሞተሩን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ምን አደረግሁሽ የኔ እህት?»

«ንጹሕ ነው ጋሼ! ጡጫ ማለት ዜሮ ነው!»

ሳቁ አመለጠው። ወዲያው ግን ቀጣዩ መሰናክል የመጨረሻው እንደሆነ፣ ዳኛዋም ማን እንደሆነች አየና ሳቁ እፊቱ ላይ ደረቀ።

ልጁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። መሰናክሉ ቦይ ነው፤ ከቦዩ ወዲያ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ደረጃ አለ። ዳኛ ሳይፈቅድ አይገባምና መግቢያው ላይ ቆሞ ጠበቀ። እሷም ትንሽ አስጠበቀችው።

«ግባ» አለችው።

ከዓመታት በኋላ ፊት ለፊት የነገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህች ናት። ገባ። ቦዩ ውስጥ እግሩ ነካ፤ አንድ ጣቷ ተነሳ። ሁለተኛም ነካ፤ ሁለተኛው ጣቷ ተነሳ። ደረጃው ጋ ደረሰ፤ የፊት ጎማው ወጣ፤ የኋላው ያዘው፤ ደንግጦ ነዳጁን ከሚገባው በላይ ጠመዘዘ። የፊት ጎማው ሽቅብ ተነሳበት። መሪው ወደ ደረቱ መጣ። ከኋላው ቦዩ ነው። ሰማዩን አየ፤ «በቃ» አለ በሆዱ።

አልወደቀም። አንድ እጅ የጃኬቱን አንገትጌ ጨምድዶታል፤ ሌላ እጅ መሪውን ይዟል። ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ። የልጁ ትንፋሽ ጆሮው ሥር ነበር። መቼ ተነሳች? በየት በኩል ዘለለች? ከድንጋይዋ እስከዚህ ያለውን ርቀት ዞሮ አየና አልገባውም።

«እግርህን አንቀሳቅስ። ሁለቱንም። ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

ለቀቀችው። ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ከዚያ መዳፏን ዘርግታ አምስት ጣት አሳየችው። «አምስት ነው። ስለያዝኩህ።»

«ባትይዢኝ ስንት ነበር?»

«ትወድቅ ነበራ። ያው አምስት።»

«ታዲያ ለምን ተነሳሽ?»

እብድ እንደሚታይ አየችው። «እየወደቅህ እኮ ነበር አባዬ!»

አምስቱን አልቀነሰችለትም፣ ሕጉን አላፈረሰችም፤ ግን ተነሳች። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን የኮራው ለካ የትኛውም ሕግ አድርግ ባላለው ነገር ነው።

«እኔ አልተነሳሁም» አለ።

«አልተነሳህም።»

«ሞተሩ እላይሽ ላይ ነበር?»

ጎንበስ ብላ የሱሪዋን እግር ሰብሰብ አደረገች። ባቷ ላይ መዳፍ የሚያህል፣ የተጨማደደና የነጣ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። «ጭስ ማውጫው ነው። ማንሳት አቅቶኝ ነበር። አንተ ‹ቀጣይ› ስትል ቀጣዩ ተፈታኝ መጥቶ አነሳልኝ። አጎቴ ነው ክሊኒክ የወሰደኝ፤ እየተመላለሰ ያሳጠበኝም እሱ ነው።»

ዓይኑ ጠባሳው ላይ ተተክሎ ቀረ። ያችን ወሬ ልቅሶ ቤት አውርቷታል፣ ታክሲ ውስጥ አውርቷታል፣ ዛሬ ጠዋት እዚሁ አውርቷታል። እያንዳንዷን ነገር ያውቃታል። ይህን አያውቅም። አልጠየቀም። የገዛ ልጁ ሥጋ ሲቃጠል እሱ የሚቀጥለውን ሰው ይጠራ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «ይቅር በይኝ ልጄ። እኔ ደንቆሮ ነኝ።»

ሱሪዋን መለሰች። አቧራዋን አራገፈች፣ ወደ ካባው ግድግዳ አየች፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«ለአጎቴ ቃል ሰጥቼዋለሁ» አለች። «የሚቆመው እሱ ነው።»

አባት እኔ ነኝ ሊል ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። የልጁን ፊት አየና ዋጠው። «እሺ» አለ። «የሚገባው እሱ ነው።»

«አንተ ግን ትመጣለህ።»

«እመጣለሁ።»

«ወሬ ሳታወራ።»

«አፌን ስፊው» አለ፤ ልጁ ሳትፈልግ ፈገግ አለች።

መግቢያው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሞተረኛ ጥሩምባውን ነፋ። «ውጣ፣ ሰው ቆሟል» አለችው፤ ሞተሯን አብራው ደግፋ ከሪባኑ አወጣችው። ፈታኙ ሄልሜቱን አወለቀ፤ ፊቱ በላብና በአቧራ ጭቃ ሆኗል። «የክበቡን ሞተር የት ልመልሰው?» አላት።

«ለምን ትመልሰዋለህ?»

«ጨረስኩ አይደል? ይህ የመጨረሻው ነው ተባልኩ።»

«የዙሩ መጨረሻ ነው እንጂ! ሦስት ዙር ነው አባዬ፤ ገና አንዱን ነው የዞርከው። ሁሉንም እንደገና ታልፍበታለህ።»

«ይህንንም?» አለ፣ ወደ ድንጋይ ደረጃው በድንጋጤ እያመለከተ።

«ይህንንም» አለች ልጁ፣ ወደ ቦታዋ እየተመለሰች። «ሂድ። ስትመጣ እዚሁ ነኝ።»

ትንሽ ቆሞ አያት። ከዚያ ሄልሜቱን አጠለቀ፤ ማሰሪያው እምቢ አለው፤ በስተመጨረሻ ያዘለት። መርገጫው ላይ ቆመ፣ ማስነሻውን እስኪነሳ ድረስ ደጋግሞ ረገጠው፣ ወደ መጀመሪያው ግንድ ነዳ።